ባለቤት ወይስ ባላደራ? የ13ኛዋ የአልባ ዱቼስ ሕይወትና የቤተሰቧ ቤተ መንግሥቶች

በማድሪድ ከተማ መካከል፣ የሲቤሌስን አደባባይ ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ፣ የስፔን ምድር ጦር ጠቅላይ መምሪያ የሚገኝበት ትልቅ ሕንፃ አለ፤ የብዌናቪስታ ቤተ መንግሥት ይባላል። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የሞንክሎዋ ግቢ ከ1977 ጀምሮ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያና ጽሕፈት ቤት ሆኖ ያገለግላል። ከዋና ከተማዋ ወደ ምዕራብ ርቆ፣ በአቪላ አውራጃ በምትገኘው ፒዬድራኢታ በተባለች ትንሽ ከተማ ደግሞ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የሥነ ሕንፃ ስልት የታነጸ የመኳንንት ቤት ዛሬ ሕፃናት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ጦር ሠራዊት፣ መንግሥትና ትምህርት ቤት የሚገለገሉባቸው እነዚህ ሦስት ቦታዎች በአንድ ወቅት የአንዲት ሴት ነበሩ።

ያቺ ሴት ማሪያ ቴሬሳ ካዬታና ዴ ሲልቫ፣ 13ኛዋ የአልባ ዱቼስ ናት (1762–1802፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው)። ስሟ በዓለም ዘንድ የታወቀው በሠዓሊው በፍራንሲስኮ ጎያ ሥራዎች ምክንያት ነው። ስለ እሷ የተጻፈውም አብዛኛው ነገር በውበቷና ከሠዓሊው ጋር ነበራት በሚባለው ፍቅር ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ አቀራረብ አንባቢን ቢስብም አንድ መሠረታዊ ጉዳይ ይሸፍናል። ካዬታና ከሁሉ አስቀድሞ የአንድ ግዙፍ የይዞታ ሥርዓት ራስ ነበረች። ያንን ሥርዓት የወረሰችው ገና በልጅነቷ ነው፤ ስትሞትም ወራሽ ልጅ አልነበራትም። ከሞቷ በኋላ ቤቶቿና ሥዕሎቿ የተበተኑበት መንገድ በስፔን የመኳንንት ሥርዓት ውስጥ ባለቤትነት ማለት ምን እንደነበር ከብዙ የሕግ ሰነድ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። ሕይወቷን በቤቶቿ በኩል መመልከት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የአልባ ቤት የሚባለው ቤተሰብ ስሙን ያገኘው በሳላማንካ አቅራቢያ፣ በቶርሜስ ወንዝ ዳር ከምትገኘው አልባ ዴ ቶርሜስ ከተማ ነው። ከተማዋን በ1429 የካስቲያው ንጉሥ ሁዋን 2ኛ ለጳጳሱ ለጉቲየሬ አልቫሬዝ ዴ ቶሌዶ ሰጠ። ከጳጳሱ ወደ ወንድሙ ልጅ ተላለፈች፤ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የኮንትነት፣ በ1472 ደግሞ የዱክነት ማዕረግ አገኘ። ከዘሩ መካከል ስመ ጥር የሆነው ታላቁ ዱክ የተባለው ፌርናንዶ አልቫሬዝ ዴ ቶሌዶ ነው። በ1507 በፒዬድራኢታ ተወልዶ፣ በ1547 ሙልበርግ ላይ ለንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ድል አስገኝቶ፣ ፍላንደርስን በብርቱ ክንድ ገዝቶ፣ ፖርቱጋልን ለፊሊፕ 2ኛ ካስገበረ በኋላ በ1582 ሊዝበን ላይ ሞተ። የአልባ ዴ ቶርሜስን የጦር ምሽግ በሥዕልና በሐውልት አስጊጦ ወደ ቤተ መንግሥትነት የለወጠው እሱ ነው። የሙልበርግ ጦርነት የተሣለባቸው የግድግዳ ሥዕሎች ዛሬም በቀረው ብቸኛ ግንብ ውስጥ ይታያሉ።

ከታላቁ ዱክ በኋላ ግን የቤተሰቡ ሀብት በዋናነት ያደገው በጦር ሜዳ አልነበረም፤ በጋብቻ ነው። በሴቪያ የሚገኘውና ግቢው በሎሚና በብርቱካን ዛፎች የታወቀው የዱዌኛስ ቤተ መንግሥት ወደ አልባ ቤት የገባው በ1612 በተፈጸመ ጋብቻ ነው። በ1688 ደግሞ 10ኛው ዱክ የካርፒዮን ማርኪስ ወራሽ የሆነችውን ካታሊና ዴ አሮን አገባ። ይህ ጋብቻ በሳላማንካ የሚገኘውንና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጀመረውን የሞንቴሬይ ቤተ መንግሥት አመጣ። ከዚህ በላይ ደግሞ አባቷ የሰበሰባቸውን ሥዕሎች አመጣ፤ አባቷ ጋስፓር ዴ አሮ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ ሥዕል ሰብሳቢዎች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። የሩፋኤሎ አንዲት እመቤታችን ማርያም ከሕፃኑ ጋርና የቬላስኬዝ እርቃኗን የተኛች ቬኑስ ከነዚህ መካከል ነበሩ። ሁለቱም በኋላ ታሪካችን ውስጥ ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ሀብት ለብዙ ትውልድ ሳይከፋፈል የቆየው ማዮራስጎ በተባለ የሕግ ሥርዓት ነው። በ1505 በወጡት የቶሮ ሕጎች በጠነከረው በዚህ ሥርዓት መሠረት አንድ ቤተሰብ መሬቱን፣ ቤተ መንግሥቱንና ማዕረጉን በአንድ ላይ አስሮ ለአንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ ያደርጋል። ወራሹ በሕይወት እስካለ ድረስ ፍሬውን ይበላል፤ ግን አይሸጠውም፣ አይከፍለውም፣ ለፈለገው ሰውም አይናዘዘውም። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን በርስት መመሰል ይቀል ይሆናል፤ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑ በእርግጥ ያመሳስላቸዋል። ሆኖም ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በአማራ አገር የነበረው ርስት ለአቅኚው አባት ዘር ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም የሚደርስና በየትውልዱ የሚከፋፈል ሲሆን፣ ማዮራስጎ ግን ታናናሾቹን በሙሉ ከሀብቱ አስወጥቶ አንዱን ብቻ የሚያነግሥ ነው። የአልባ ዱኮች በከተሞቻቸውና በመንደሮቻቸው ዳኛ የመሾምና ግብር የመቀበል መብት ነበራቸው፤ ይህ መብታቸው ከርስት ይልቅ ለጉልት ይቀርባል። በብዙ የካስቲያ ቤተሰቦች እንደሚታየው በአልባ ማዮራስጎም ወንድ ወራሽ ባይኖር ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ ስሙና አርማው ግን እንዳይጠፋ የሚያገባት ሰው የእሷን ቤት ስም ሊይዝ ይገባል። ካዬታና ዱቼስ የሆነችው በዚህ በር ገብታ ነው። የማንም ሚስት በመሆኗ ያገኘችው ማዕረግ አይደለም።

ካዬታና ሰኔ 10 ቀን 1762 ማድሪድ ውስጥ ተወለደች። አያቷ ፌርናንዶ ዴ ሲልቫ፣ 12ኛው የአልባ ዱክ፣ በፓሪስ አምባሳደር ሆኖ የሠራና ከ1754 እስከ ዕለተ ሞቱ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ ዳይሬክተር የነበረ፣ የፈረንሳይን አዲስ ፍልስፍና የሚወድ ሰው ነው። አባቷ ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ፣ የዌስካር ዱክ፣ የአያቷ ወራሽ ነበር። እናቷ ማሪያና ደግሞ ሥዕል የምትሥል፣ ከፈረንሳይኛ የምትተረጉም፣ የሳን ፌርናንዶ የሥነ ጥበብ አካዳሚም በክብር አባልነት የተቀበላት ሴት ነበረች። በስፔን የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መኳንንት መካከል ይህን ያህል ንባብና ጥበብ የተሰበሰበበት ቤት በቀላሉ አይገኝም። ብቸኛ ልጅ ለነበረችው ለካዬታና ግን ቤቱ ብዙ ሰው ያለበት አልነበረም። አባቷ በ1770፣ እሷ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላት ሞተ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአያቷና በግዙፉ ማዮራስጎ መካከል የቀረው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

የአያቷ ታላቅ ሥራ ፒዬድራኢታ ነው። ታላቁ ዱክ በተወለደበት በአሮጌው ምሽግ ቦታ ላይ ከ1755 በኋላ አዲስ ቤተ መንግሥት እንዲሠራ አዘዘ፤ የሥነ ሕንፃ ባለሙያውንም ከፈረንሳይ አስመጣ። ዣክ ማርኬ የተባለው ይህ ሰው በኋላ በማድሪድ ለመንግሥት ብዙ የሠራ ነው። በፒዬድራኢታ የሠራው ግን ለካስቲያ ተራሮች እንግዳ የሆነ ነገር ነበር። ፊት ለፊቱ ሰፊ የክብር አደባባይ፣ ከኋላው በእርከን የተደለደለ የአትክልት ሥፍራና የውኃ ገንዳ ያለው፣ ለጦርነት ሳይሆን ለበጋ ዕረፍት የታሰበ ቤት ነው። ግድግዳውን ያጠነከረው ጠላትን በመፍራት አይደለም፤ መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው። ከምሽግ ወደ ዕረፍት ቤት የተደረገው ይህ ሽግግር በራሱ የስፔን መኳንንት ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ጦሩን ንጉሡ ከወሰደባቸው በኋላ ለመኳንንቱ የቀረው ክብራቸውን በድንጋይና በዛፍ መግለጽ ነበር። ካዬታና ከልጅነቷ ጀምሮ በጋውን የምታሳልፈው በዚህ ቤት ነበር፤ ዱቼስ ከሆነች በኋላም ወዳጆቿን ይዛ ትመለስበት ነበር።

አያቷ የወራሹን ጉዳይ ለዕድል አልተወም። በጥር 1775፣ ካዬታና 12 ዓመቷ ሳለ፣ የቪያፍራንካ ማርኪስ ለሆነው ለሆሴ አልቫሬዝ ዴ ቶሌዶ ተዳረች። ሙሽራው 18 ዓመቱ ነበር። ምርጫው በስሌት የተሠራ ነው፤ ሰውየው ራሱ አልቫሬዝ ዴ ቶሌዶ በመሆኑ በ11ኛዋ ዱቼስ ዘመን በጋብቻ ወደ ሲልቫ ዘር የተዛወረው የአልባ ቤት ጥንታዊ ስሙን መልሶ ያገኛል። ከዚህም ሌላ ሙሽራው የመዲና ሲዶኒያን ዱክነት ይወርሳል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ነበር፤ በ1779 በእርግጥም ወረሰ። በዚህም በስፔን ካሉት ቤቶች ሁሉ ትልልቅ የሆኑት ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። እናቷም በዚያው ዓመት ሁለተኛ ባል አገባች። አያቷ በኅዳር 1776 ሲሞት ካዬታና በ14 ዓመቷ 13ኛዋ የአልባ ዱቼስ ሆነች።

ወጣቶቹ ባልና ሚስት ወዲያው ሊሠሩት የተነሡት በማድሪድ ከማንም ቤት የሚልቅ ቤት ነበር። አያቷ በ1769 የብዌናቪስታን ጉብታ በላዩ ካለው አሮጌ ቤት ጋር ገዝቶት ነበር። በ1777 አሮጌው ፈርሶ በሁዋን ፔድሮ አርናል ንድፍ አዲሱ ሥራ ተጀመረ። የቦታው ምርጫ ትርጉም ነበረው። የካስቲያ ታላላቅ መኳንንት ለረጅም ጊዜ ዋና ቤታቸውን በየአገራቸው አድርገው ማድሪድን እንደ ማረፊያ ይቆጥሩ ነበር፤ በቡርቦን ነገሥታት ዘመን ግን ክብር የሚለካው ለቤተ መንግሥት ባለው ቅርበት ሆነ። ጉብታው ካርሎስ 3ኛ ያስጌጠውን የፕራዶን የእግር መንገድ ከላይ ያያል። ከተማው በሙሉ ለሽርሽር የሚወጣው ወደዚያ ነበርና፣ የሚወጣ ሁሉ የአልባን ቤት ሳያይ አያልፍም። ሥራው ግን በዝግታ ሄደ። ገንዘብ በላ፤ እሳትም ደጋግሞ ተነሣበት። የከተማው ወሬ የእሳቱን ምክንያት ለንግሥት ማሪያ ሉዊሳ ቅናት ሰጠው። ለዚህ ማስረጃ የለም፤ ይሁንና ወሬው ራሱ ሕዝቡ ይህን ሕንፃ እንዴት ይመለከተው እንደነበር ይናገራል፤ የንጉሡን ቤት የሚፎካከር ቤት አድርጎ። ካዬታና ሙሉ በሙሉ አልቆ አላየችውም።

በ1784 እናቷ ስትሞት የሞንክሎዋን ይዞታ ወረሰች። ይህ ከማንሳናሬስ ወንዝ በላይ ባለው ቁልቁለት የሚገኝ፣ አትክልትና ማሳ የከበበው ትንሽ የዕረፍት ቤት ነበር። ብዌናቪስታ ለዓይን የተሠራ ሲሆን ሞንክሎዋ ለኑሮ የሚመች ነበር። በዚያው ዘመን ሌላዋ የማድሪድ ታላቅ ሴት የኦሱና ዱቼስ ማሪያ ሆሴፋ ፒሜንቴል ከከተማዋ በስተምሥራቅ ኤል ካፕሪቾ የተባለውን የአትክልት ሥፍራ ማስጌጥ ጀምራ ነበር። የሁለቱ ሴቶች ፉክክር በጊዜው የታወቀ ነው። ሁለቱም ጎያን ሥራ ሰጥተውታል፤ ሁለቱም የቲያትር ተዋንያንንና የበሬ ተፋላሚዎችን ደግፈዋል። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነበር። የኦሱናዋ ዱቼስ መጽሐፍትና ሊቃውንት የምትሰበስብ፣ በበጎ አድራጎት ማኅበር የምትሠራ የዘመነ አብርሆት ሴት ናት። ካዬታና ደግሞ የማድሪድን የድሀ ሰፈር ልጆች፣ ማሃ የሚባሉትን ሴቶች አለባበስና አነጋገር መኮረጅ የምትወድ ነበረች። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የካዬታናን ጠባይ ብዙ ጊዜ እንደ ቅብጠት ያዩታል። ፍርዱ የቸኮለ ይመስላል፤ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ እያንዳንዱ እርምጃዋ በማዕረግ የታሰረ ሰው በጥቁር ዳንቴል ነጠላና በአበባ ቀሚስ አደባባይ መውጣቱ ከዚያ እስር የሚወጣበት አንድ መንገድ ነበር።

ጎያ ወደ ቤቷ የገባው በ1790ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሕመም ምክንያት ጆሮው መስማት አቁሟል። በ1795 ዱቼሷን በነጭ ቀሚስና በቀይ መቀነት፣ ከአንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ ጋር ሣላት። በዚያው ዓመት ባሏንም ሣለው፤ ሙዚቃ ወዳድ የነበረው ዱክ በሥዕሉ ላይ የሃይድንን የዜማ መጽሐፍ ይዞ ይታያል። ለምርምር ይበልጥ ዋጋ ያላቸው ግን ትንንሾቹ ሥራዎች ናቸው። በ1795 ከተሣሉት በአንዱ ላይ ማሪያ ዴ ላ ሉስ የተባለች ጥቁር ሕፃን ከቤት ኃላፊው ልጅ ጋር ሆና አንዲት አሮጊት አገልጋይን ስትተናኮል ትታያለች፤ ጥቂት ቆይቶ በተሠራ ንድፍ ላይ ደግሞ ዱቼሷ ሕፃኗን አቅፋታለች። ማሪያ ዴ ላ ሉስ ካዬታና በቤቷ ያሳደገቻት ናት። በስፔን የመኳንንት ቤቶች አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በባርነትና በአገልጋይነት መኖራቸው የተለመደ ነበር፤ ልጅ ያልወለደችው ዱቼስ ለዚህች ሕፃን የነበራት ፍቅር በሥዕሉ ላይ እውነተኛ ይመስላል፤ ሕፃኗ እዚያ ቤት እንድትገኝ ያደረጋት የባርነት ታሪክ ግን በፍቅሩ አይሰረዝም።

በሰኔ 1796 ዱኩ ሴቪያ ላይ በ39 ዓመቱ ሞተ። ልጅ ስላልነበራቸው የመዲና ሲዶኒያ ማዮራስጎ ወደ ታናሽ ወንድሙ ሄደ። በአያቷ ስሌት የተገናኙት ሁለት ቤቶች ከ20 ዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ እንደገና ተለያዩ። ካዬታና የሐዘኗን ጊዜ ያሳለፈችው በጓዳልኪቪር ወንዝ አፍ ላይ በምትገኘው በሳንሉካር ዴ ባራሜዳ ነው። ከወንዙ ማዶ የመዲና ሲዶኒያ ዱኮች የአደን ይዞታ የነበረው የዶኛና ሰፊ ረግረግና ደን አለ። ጎያም በዚያ ጊዜ ወደ አንዳሉሲያ ወርዶ ነበር። በ1797 የሣላት ሥዕል የመበለት ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ጣቷን ወደ መሬት ቀስራ ያሳያታል፤ በጣቷ በጠቆመችው አሸዋ ላይ የሠዓሊው ስም ተጽፏል፣ በእጇ ላይ ባሉት ቀለበቶችም የእሷና የእሱ ስሞች ይነበባሉ። ሥዕሉ ወደ ዱቼሷ ቤት ሳይሄድ በ1812 አሁንም በጎያ ቤት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በመካከላቸው የነበረውን ነገር ለመወሰን የሞከሩ ብዙ ናቸው፤ ማስረጃው ግን የሠዓሊውን ምኞት እንጂ የዱቼሷን መልስ አይነግረንም። እርቃኗን የተሣለችው ማሃ እሷ ናት የሚለውም አፈ ታሪክ ያረፈበት ጠንካራ መሠረት የለም።

ከፍቅር ታሪኩ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚበልጠው በ1797 የጻፈችው ኑዛዜ ነው። ካዬታና ያኔ 34 ዓመቷ ነበር፤ ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ወንድምና እኅትም የላትም። ማዕረጉ፣ የአልባና የሞንቴሬይ ይዞታዎች፣ የሴቪያው ዱዌኛስ፣ ፒዬድራኢታም ቢሆን የሚሄዱበት መንገድ እሷ ከመወለዷ በፊት ተወስኗል፤ በእነሱ ላይ አንዲት ቃል ልትናገር አትችልም። በእጇ ያለው ከማዮራስጎው ውጭ የሆነው ነፃ ሀብት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ለሩቅ ዘመዶቿ ሳይሆን በየቀኑ አብረዋት ለሚኖሩት ሰዎች ተወችው፤ ለሐኪሞቿ፣ ለቤቷ ኃላፊዎችና ለአገልጋዮቿ። ለጎያ ልጅ ለሃቪየርም ዕድሜ ልኩን በቀን 10 ሬያል እንዲሰጠው አዘዘች። የስፔን ታላቅ ሴት መሬት ያልነበራቸውን ሰዎች ወራሾቿ ማድረጓ በዘመኑ አሳፋሪ ተደርጎ ታይቷል። ሰነዱ ግን በሕይወቷ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የራሷ የሆነ ውሳኔ ነው፤ ለተወለደችበት ሥርዓት ካልታዘዘችባቸው ጥቂት ቦታዎችም አንዱ።

ሐምሌ 23 ቀን 1802 ማድሪድ ውስጥ በ40 ዓመቷ ሞተች። ሞቷ ድንገተኛ በመሆኑ የመርዝ ወሬ ተነሣ፤ ጣት የተቀሰረውም በንግሥቲቱና በባለሟሏ በማኑኤል ጎዶይ ላይ፣ በወራሽ አገልጋዮቿም ላይ ነበር። ከ140 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1945፣ አስክሬኗ ወጥቶ በሐኪሞች ተመረመረ፤ ምርመራው የሞቷን ምክንያት ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የተያያዘ የአንጎልና የአንጎል ሽፋን ብግነት አድርጎ ደመደመ። የመርዙ ወሬ በሐኪሞች ዘንድ በዚህ አበቃ፤ በልብ ወለድ ጸሐፊዎች ዘንድ ግን አላበቃም።

የአልባ ማዮራስጎ ወደ አያቷ እኅት ዘር አለፈ። ያቺ እኅት የቤርዊክን ዱክ አግብታ ነበር፤ የቤርዊክ ቤት የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ከጋብቻ ውጭ ከወለደው ልጅ የሚወርድና በስፔን የሊሪያን ዱክነት ያገኘ ነው። የአያቷ እኅት የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ካርሎስ ሚጌል በ8 ዓመቱ 14ኛው የአልባ ዱክ ሆነ። ካዬታና በ14፣ እሱ በ8፤ በስፔን ካሉት ይዞታዎች ከግዙፎቹ አንዱ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በሕፃን እጅ ወደቀ። ይህ ለማዮራስጎ ጉድለት አልነበረም፤ ሥርዓቱ የሚሻው የወራሹን ብቃት ሳይሆን መኖሩን ብቻ ነው።

ነፃው ሀብት ግን በኃያላን ዓይን ሥር ነበር። ካርሎስ 4ኛ የዱቼሷ ሞትና ሀብት እንዲመረመር አዘዘ፤ የሞንክሎዋን ይዞታ ራሱ ለዘውዱ ገዛው። ብዌናቪስታን በ1807 የማድሪድ ከተማ ከወራሾቹ ገዝቶ ለጎዶይ በስጦታ አበረከተው። ጎዶይም አልተኛበትም፤ በመጋቢት 1808 በአራንሁዌስ አመፅ ወድቆ ንብረቱ ተወረሰ። ጆሴፍ ቦናፓርት በ1810 ሕንፃውን የሥዕል ሙዚየም ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ፤ ከጦርነቱ በኋላም ሕንፃው ውሎ አድሮ በጦሩ እጅ ገባ።

ሥዕሎች ከግድግዳ ይወርዳሉና የእነሱ ጉዞ ይበልጥ ሩቅ ነው። የቬላስኬዝ ቬኑስ በመቶ ዓመቱ መባቻ ወደ ጎዶይ ስብስብ ገባች፤ በ1813 እንግሊዝ ደረሰች፤ ከ1906 ጀምሮም የለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ንብረት ናት። ከኮሬጆ ሥራዎች መካከል ቬኑስና መርኩሪ ለኩፒድ ፊደል ሲያስተምሩ የሚያሳየው ሥዕልም በጎዶይ በኩል አልፎ ወደዚያው ጋለሪ ሄደ። የሩፋኤሎን እመቤታችንን የዴንማርክ አምባሳደር ገዛት፤ በ1836 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 1ኛ ወደ ኤርሚታዥ ወሰዳት፤ በ1931 የሶቪየት መንግሥት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለአሜሪካዊው ባለጸጋ አንድሩ ሜለን ሸጣት። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ጋለሪ ትታያለች፤ የምትጠራውም የአልባ ማዶና በሚል ስም ነው። ሥዕሏ ከአልባ ቤት ከወጣች 200 ዓመት አልፏል፤ ስሙ ግን አልተለያትም።

በሕግ የታሰረው ክፍል የተሻለ ዕጣ ገጠመው ማለት አይቻልም። ማዮራስጎ ከሽያጭ ይጠብቃል፤ ከእሳትና ከጦር አይጠብቅም። የናፖሊዮን ወታደሮች በቆዩባቸው ዓመታት ፒዬድራኢታ ተዘረፈ፣ ተቃጠለም፤ የአልባ ዴ ቶርሜስም ቤተ መንግሥት ፈርሶ ከላይ የተጠቀሰው አንድ ግንብ ብቻ ቀረ። በዚያው ጦርነት መካከል፣ በ1811፣ በካዲስ የተሰበሰበው ሸንጎ የመኳንንቱን የዳኝነት ሥልጣን ሻረ። ማዮራስጎ ራሱ በ1820 ተሽሮ፣ ንጉሡ ሥልጣኑን ሲያስመልስ ተመልሶ፣ ከ1836 ጀምሮ ለመጨረሻ ጊዜ ቀረ። ያን ጊዜ መኳንንቱ እንደማንኛውም ባለንብረት መሸጥ ቻሉ፤ ዕዳ ያለባቸው ደግሞ መሸጥ ግድ ሆነባቸው። 14ኛው ዱክ ራሱ በኢጣሊያ የጥበብ ሥራዎችን ሲገዛ ለቤቱ ከባድ ዕዳ ትቶ ሞተ። የሴቪያው ዱዌኛስ በዚያ መቶ ዓመት ለተከራዮች ተከፋፍሎ ነበር፤ ባለቅኔው አንቶኒዮ ማቻዶ በ1875 የተወለደው በዚያ ግቢ ከሚኖር ቤተሰብ ነው። ፒዬድራኢታ እስከ 1931 በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ ወደ ከተማው ተላለፈ።

የቤተሰቡ ዋና ቤት የሆነው ካዬታና ያልገነባችው ሕንፃ ነው። የቤርዊክ ዱክ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያስጀመረው፣ ቬንቱራ ሮድሪጌስም የሠራበት የማድሪዱ የሊሪያ ቤተ መንግሥት እሷ በሕይወት ሳለች የዘመድ ቤት ነበር። በኅዳር 1936፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በቦምብ ተቃጥሎ ውጫዊ ግድግዳዎቹ ብቻ ቀሩ። የሞንክሎዋ ቤትም በዚያው ጦርነት በግንባሩ መስመር ላይ ወድቆ ፈርሶ ነበርና፣ ዛሬ የሚታየው በ1950ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ እንደገና የተሠራው ነው። ሊሪያን 17ኛው ዱክና ልጁ፣ ስሟም እንደ ዘመዷ ካዬታና የነበረችው 18ኛዋ ዱቼስ፣ እንደገና አሠሩት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሦስቱ የቀሩ ታላላቅ ቤቶች፣ ዱዌኛስ በ2016፣ ሞንቴሬይ በ2018፣ ሊሪያ በ2019፣ ለጎብኝዎች ተከፍተዋል።

ጎያ በ1795 በነጭ ቀሚስ የሣላት የ13ኛዋ ዱቼስ ሥዕል የሚገኘው በሊሪያ ነው። በጥቁር ልብስ የሣላት ደግሞ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሂስፓኒክ ማኅበር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።